በሱሪስ ወንዝ ላይ ስላሉት የአፈር ግድቦችና የውሃ ወፎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ዳኮታ ውስጥ፣ ከካናዳ ድንበር ጥግ፣ የሱሪስ ወንዝ በአምስት ዝቅተኛ የአፈር ግድቦች ተይዞ ረግረግ ሆኖ ይተኛል። ግድቦቹ መብራት አያመነጩም፤ ለከተማ የሚጠጣ ውሃም አያቀርቡም። የተሠሩት ለውሃ ወፎች ነው። ግድብ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚታየን ቁመቱና የሚይዘው ውሃ ብዛት ስለሆነ «ለዳክዬ ተብሎ ግድብ ይሠራል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ስለ ግድብ ያለንን አስተሳሰብ ከሥሩ ይነካል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግድቦቹ የት ነው ያሉት?

ሱሪስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሜዳ ወንዝ ነው። ካናዳ ውስጥ ከሳስካቸዋን ግዛት ይነሳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ አሜሪካ ይገባል፤ የማይኖትን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ በቬልቫና በታውነር በኩል አልፎ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ ተመልሶ ካናዳ ይገባና ማኒቶባ ውስጥ ከአሲኒቦይን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የሰሜን ዳኮታ ሰዎች ማውስ ወንዝ ነው የሚሉት፤ ሁለቱን ስሞች ብታገኙ ወንዙ አንድ ነው።

አምስቱ ግድቦች ያሉት ወንዙ ወደ ሰሜን ከታጠፈ በኋላ፣ ጄ. ክላርክ ሳልየር በሚባለው ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ ነው። መጠለያው ወደ 23,700 ሄክታር ይሰፋል፤ ወንዙን ተከትሎ እስከ ማኒቶባ ድንበር ይዘልቃል። ጽሕፈት ቤቱ አፕሃም በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ግድቦቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፦ 320፣ 326፣ 332፣ 341 እና 357። ከእነሱ በላይ፣ ከማይኖትም በላይ፣ የዳርሊንግ ሐይቅን የያዘው ትልቁ የአፈር ግድብ አለ። እሱ ውሃ ያጠራቅማል፤ ታችኞቹ ደግሞ የመጣውን ውሃ በስሱ ያነጥፉታል።

ረግረጉ ድሮም አልነበረም ወይ? ግድብ ለምን አስፈለገ?

ነበረ። ይህ አገር ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ የበረዶ ግግር ሲቀልጥ የተወው ነው። ግግሩ ሲያፈገፍግ በየቦታው ጎድጓዳ መሬት ትቶ ሄደ፤ እነዚህ ጉድጓዶች በጸደይ ውሃ ይይዛሉ። ከሰሜን አሜሪካ ዳክዬዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚፈለፈሉት በዚህ ኩሬ በበዛበት የሣር ሜዳ ነው። የታችኛው ሱሪስ ደግሞ የሚፈሰው የጥንት የበረዶ ዘመን ሐይቅ በነበረ ወለል ላይ ስለሆነ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃ እንደልቡ የሚተኛበት ሜዳ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰፋሪዎች መሬቱን ለእርሻና ለድርቆሽ ፈለጉት። ቦይ ተቆፈረ፣ ረግረጉም ተጠነፈፈ። የተገኘው ማሳ እንደታሰበው አልሆነም። ከዚያ የ1930ዎቹ ድርቅ መጣ፤ አፈሩ በነፋስ ተነስቶ ሰማዩን አጠቆረ። ኩሬዎቹ ደረቁ፣ የዳክዬው ቁጥር አሽቆለቆለ። የግድቦቹ ሐሳብ የተወለደው በዚያ ጭንቅ ወቅት ነው። ሰው በቦይ ያፈሰሰውን ውሃ ሰው ራሱ መልሶ ማቆም ነበረበት።

ማን ሠራቸው?

በ1934 የአሜሪካ መንግሥት የዱር እንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ጄይ ዳርሊንግ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። ሥልጣን ላይ የቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ግን ለመሬት መግዣ ገንዘብ አሰባስቦ ሥራውን ለጄ. ክላርክ ሳልየር አስረከበ። ሳልየር ለመጠለያ የሚሆን ቦታ እየዞረ የመረጠው ሰው ነው። የሱሪስ መጠለያዎች የተመሠረቱት በ1935 ነው። የታችኛው መጠለያ መጀመሪያ በወንዙ ስም ይጠራ ነበር፤ በ1967 የሳልየር ስም ተሰጠው። የዳርሊንግም ስም በላይኛው ሐይቅ ይታወሳል።

አካፋና ዶማ የያዙት ግን ሥራ ያጡ ወጣቶች ነበሩ። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በተቋቋመው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ጓድ ታቅፈው በካምፕ እየኖሩ አፈር አጋዙ፣ ድንጋይ ደረደሩ። የወር ደመወዛቸው 30 ዶላር ሲሆን ከዚያ ውስጥ 25ቱ ዶላር በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። ከጓዱ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የራብ ዘመን ልጆች ቤተሰባቸውን እየረዱ የሠሩት ነገር እስከ ዛሬ አለ።

የአፈር ግድብ ውሃ አያሾልክም?

በትንሹ ያሾልካል። ምንም የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም፤ ጥያቄው ስርገቱ ቀስ ያለና የጠራ መሆኑ ላይ ነው። ጥሩ የአፈር ግድብ ውሃ የሚይዝ ሸክላማ አፈር በስሱ እየተነጠፈ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ የሚነሳ ነው። ጎኖቹ ሰው ያለችግር ሽቅብ የሚሄድባቸው ዘንበል ያሉ ናቸው እንጂ እንደ ግንብ ቀጥ አይሉም። በውሃው በኩል ድንጋይ ይደረደራል፤ ሜዳው ነፋሻ ስለሆነ ማዕበሉ ሌት ተቀን አፈሩን ይልሳል። በደረቁ በኩል ሣር ይበቅልበታል።

ዛፍ ግን ፈጽሞ አይተከልበትም። ሥሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይከፍታል፤ ዛፉ ሲሞት ሥሩ በስብሶ የውሃ ቱቦ ይሆናል። ጥበቃው ላይ ያሉ ሰዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይከታተላሉ። አንደኛው ከግርጌው የሚወጣ የደፈረሰ ውሃ ነው። ደፈረሰ ማለት አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነውና አደጋ ነው። ሁለተኛው በአናቱ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው። በአፈር ግድብ አናት ላይ ውሃ ከፈሰሰ በሰዓታት ውስጥ ሊቦረቡረው ይችላል። ለዚህ ነው በጎን የጎርፍ ማስተንፈሻ የሚደረግለት፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ከኮንክሪት የተሠራ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ያለው በር ይኖራል።

ይህን ያህል ዝቅተኛ ከሆነ እንዴት ያን ሁሉ መሬት በውሃ ይሸፍናል?

መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ። በገደል መሃል የተሠራ ግድብ ውሃውን ወደ ላይ ያስረዝመዋል፤ በሜዳ ላይ የተሠራ ግን ወደ ጎን ያሰፋዋል። እዚህ የውሃው ከፍታ በአንድ ክንድ ሲጨምር ዳርቻው ብዙ ርቆ ይሄዳል። መዝጊያውን በጥቂቱ ማንሳትና ማውረድ በመቶ የሚቆጠር ሄክታርን ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ይቀይራል። የግድቡ ኃይል ያለው በዚህ ነው።

ታዲያ ውሃው ለምን ጠለቅ ብሎ እንዲቆም አይደረግም?

ምክንያቱም ጥልቅ ውሃ ለአብዛኞቹ ወፎች ባዶ ነው። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው፣ ጅራታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው የሚመገቡት ዳክዬዎች አንገታቸው ከሚደርስበት በታች ያለውን ጭቃ አያገኙትም፤ ግማሽ ሜትር እንኳ ብዙ ነው። ጠልቀው የሚመገቡት ዓይነቶች ትንሽ ጠለቅ ያለ ይወዳሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ፀሐይ ወለሉ ድረስ ገብታ ሣር የምታበቅልበትን ውሃ ነው የሚፈልጉት።

ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ ክረምቱ ይረዳል። የሰሜን ዳኮታ ብርድ ከባድ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ኩሬ በበረዶ ሲከደን ኦክስጅኑ አልቆ ብዙ ዓሣ ይሞታል። ይህ ለዓሣ አጥማጅ ሐዘን ነው። ለዳክዬ እናት ግን በጎ ነው፤ ዓሣ ሲቀንስ ዓሣው ይበላቸው የነበሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይበዛሉና። እንቁላል የምትጥል ዳክዬ ከእህል ይበልጥ የሚያስፈልጋት እነዚህ ነፍሳት ናቸው፤ ጫጩቶቿም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድጉት በእነሱ ነው። የሐይቅ መልክ ያለው ሰማያዊ ውሃ ለዓይን ቢያምርም፣ በወፍ ዓይን ሲታይ ግን ግማሽ በግማሽ ውሃና ቄጠማ የተቀላቀለበት ረግረግ ይበልጣል።

ኩሬውን ሆን ብለው ያደርቁታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገጠውም እዚህ ላይ ነው። የሚንከባከቡት ሰዎች በየጥቂት ዓመቱ ከአምስቱ አንዱን ኩሬ መዝጊያውን ከፍተው ዝቅ ያደርጉታል፤ አንዳንዴ ጭቃው እስኪታይ ድረስ። በዚያ ሰሞን የሚያልፍ ሰው የተሰነጣጠቀ ጭቃና የሞተ ሣር አይቶ «ጉድ ሆነ፣ ግድቡ ተበላሸ» ይላል።

የሆነው ግን ይህ ነው። ረግረግ ለዓመታት በአንድ ከፍታ ከቆመ ይደክማል። ወለሉ ላይ የተከማቸው የበሰበሰ ሣር አየር ስለማያገኝ ምግቡን አይለቅም፤ ብዙዎቹ የቄጠማ ዘሮችም በውሃ ሥር አይበቅሉም። ውሃው ሲወርድ ጭቃው አየር ያገኛል፤ ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የቆየ ዘር ፀሐይ ሲመታው ይነቃል። በሳምንታት ውስጥ ግራጫው ወለል አረንጓዴ ይሆናል። ጠጋ ብሎ ላየው በአንዲት መዳፍ በምታህል ቦታ የቄጠማ፣ የእንግጫና ዘር የሚሰጡ አረሞች ቡቃያ ተፋፍጎ ይታያል። የባሕር ዳር ወፎች በዚያው ጭቃ ላይ ረጅም ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል ይለቅማሉ። በመጸው መገባደጃ ውሃው ቀስ ብሎ ሲመለስ የበሰለው ዘር ይንሳፈፋል፤ ወደ ደቡብ የሚጓዙት ዳክዬዎችም ይሰፍሩበታል። በሚቀጥለው ጸደይ የሰመጠው ሣር ሲበሰብስ ነፍሳቱ ይፈላሉ፤ ወፉም ሁሉ ይበላል።

ተፈጥሮ ራሷ ይህን በድርቅና በዝናብ ዑደት ታደርገው ነበር። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ግድብ ዋጋ የሚለካው ውሃ በመያዙ ብቻ አይደለም፤ ውሃ መልቀቅ በመቻሉም ጭምር ነው። ኩሬዎቹ አምስት መሆናቸው ደግሞ ይጠቅማል። አንዱ ሲያርፍ ወፎቹ በአራቱ ይቆያሉ።

ውሃው ያለጊዜው ቢነሳ ምን ይደርሳል?

ጎጆ ይሰምጣል። በግንቦትና በሰኔ ረግረጉ የጎጆ ከተማ ነው። ፍራንክሊን የሚባለው ጥቁር ራስ ያለው ትንሽ የውሃ ወፍ በመንጋ ሆኖ ጎጆውን ፊላ መካከል ተንሳፋፊ አድርጎ ይሠራል። ጎጆው ከሥሩ እየበሰበሰ ይሰምጣል፤ ወላጆቹ ከላይ አዲስ አገዳ እየጨመሩ ያቆዩታል፤ ወቅቱን ሙሉ ይህ ሥራ አይቋረጥም። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ እነሱም እየለቀሙ ይጨምራሉ። ካንቫስባክ የምትባለው ዳክዬም ቄጠማ ውስጥ፣ ውሃው ላይ፣ ሳህን የመሰለ ጎጆ ትሠራለች። ውሃው ቀስ ብሎ ከጨመረ ሥሩን ከፍ እያደረገች ትከተለዋለች። በአንድ ሌሊት ከመጣባት ግን አትደርስበትም፤ እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ።

ስለዚህ በእነዚህ ወራት መዝጊያውን የያዘ ሰው ዋና ሥራው ከፍታውን ሳያናውጥ መጠበቅ ነው። ከላይ፣ ከዳርሊንግ ሐይቅ፣ መቼና ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ ማወቅ አለበት። ያ ሐይቅ ደግሞ የማይኖትን የጎርፍ ስጋትም ስለሚሸከም ሁልጊዜ በወፎቹ ቀን መቁጠሪያ አይሄድም። ውሃ በሰኔ መለቀቅ ካለበት ይለቀቃል፤ የሰው ቤት ይቀድማል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጠፋው ጎጆ ግን አብሮ መቆጠር አለበት።

ፊላ በዛ የሚባለው ለምን ችግር ሆነ? መጠለያ አይደለም?

ሲመጠን መጠለያ ነው። ሲበዛ ግን ሌላውን ሁሉ ያስወጣል። በተለይ ከሁለት ዓይነት ፊላ ተዳቅሎ የተገኘው ኃይለኛ ነው፤ ጎርፉንም ድርቁንም ይችላል፤ ቀስ በቀስ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዳክዬ የምታርፍበት ክፍት ውሃ አታገኝም።

ብልሃቱ ደስ ይለኛል። የደረቀው የፊላ አገዳ በክረምት አየር ወደ ሥሩ የሚያወርድ መተንፈሻ ነው። ኩሬው በበረዶ ሲጠነክር በረዶው ላይ ሆኖ አገዳውን ከሥሩ አጭዶ፣ በጸደይ ውሃውን ከጉቶው በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። ያለ መድኃኒት፣ በመዝጊያና በማጭድ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። እሳትና ግጦሽም ይጠቀማሉ።

መስክራት ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?

መስክራት ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ፀጉሩ ወፍራም፣ ከአይጥ ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። ሁለቱንም ነው። ፊላ ይበላል፣ በፊላ ቤቱን ይከምራል፤ በዚህም በጥቅጥቁ መካከል ክፍት ውሃ ይፈጥራል። የቤቱ ክምር ላይ ዝይዎች ጎጆ ይሠራሉ። ለረግረጉ ከእሱ የሚሻል ሠራተኛ የለም።

ለግድቡ ግን ሥጋት ነው። ከውሃው ወለል በታች መግቢያ ከፍቶ ወደ ላይ እየቦረቦረ አፈሩ ውስጥ ጎሬ ያበጃል። ውሃው ከፍ ሲል እሱም ጎሬውን ከፍ ያደርጋል፤ በመጨረሻ አናቱ ይደረመሳል። ለዚህ ነው የጎኑ ዝንባሌ ረጋ ያለ እንዲሆን የሚደረገውና ድንጋይ የሚለብሰው። አጥማጆችም በሕግ ተፈቅዶላቸው ቁጥሩን ይቀንሳሉ።

ዳክዬዎቹ ሁሉ የሚፈለፍሉት ውሃ ላይ ነው?

አይደለም። አብዛኞቹ የሚፈለፍሉት ደረቅ ሣር ውስጥ ነው፤ አንዳንዷ ከውሃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትሄዳለች። ከዚያ ገና ከእንቁላል የወጡትን ጫጩቶች በእግር እየመራች ወደ ረግረጉ ታመጣቸዋለች። ቀበሮ፣ እንዲሁም ስከንክና ራኩን የሚባሉ ትንንሽ አዳኝ እንስሳት በመንገድ ይጠብቋታል። ስለዚህ ግድቡ ያለ ሣር ሜዳው ግማሽ ሥራ ነው። በዙሪያው ያለው ሜዳ ተገልብጦ ሲታረስ ጉዳቱ ውሃው እንደደረቀ ያህል ነው።

ግድቦቹ በ2011 ማይኖትን ከጎርፍ ለምን አላዳኗትም?

ሊያድኗት አይችሉም ነበር፤ ያሉት ከከተማዋ በታች ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወንዙ ከ1881 ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ከፍታ መጣ። ወደ 11,000 ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ከ4,000 በላይ ቤቶች በውሃ ተዋጡ። በላይ ያሉት የካናዳ ትልልቅ ግድቦችና ዳርሊንግ ሐይቅ እንኳ ሞልተው የመጣውን ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ ዝቅተኛ ግድብ ማድረግ የሚችለው በሩን ወለል አድርጎ ማሳለፍ ነው።

ውሃው ወደ ካናዳ ይመለሳል ብለዋል። ካናዳ አትከፋም?

ይህ ወንዝ ሦስት ባለቤት አለው፤ ሳስካቸዋን፣ ሰሜን ዳኮታና ማኒቶባ። የአሜሪካና የካናዳ የድንበር ውሃ ስምምነት የተፈረመው በ1909 ነው፤ በእሱ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጋራ ኮሚሽን የሱሪስን ክፍፍል በ1959 መልክ አስያዘ። ሳስካቸዋን ከወንዙ የተፈጥሮ ፍሰት እስከ ግማሽ ድረስ ማስቀረት ትችላለች። ሰሜን ዳኮታ ደግሞ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለማኒቶባ በሰከንድ 20 ኪዩቢክ ጫማ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አለፍ ያለ ውሃ ታሳልፋለች። በ1989 የጎርፍ መከላከልን የሚመለከት ሌላ ስምምነት ተጨመረ።

ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በነሐሴ ትልቅ ነው። ሱሪስ አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘው በጸደይ ከሚቀልጠው በረዶ ነው፤ ወደ በጋው መጨረሻ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ላይ ስስ ሆኖ የተዘረጋ ውሃ በፀሐይና በነፋስ ብዙ ይተናል። ለወፎቹ የተነጠፈው ውሃ ለታችኛው ጎረቤት የሚደርሰውን ይቀንሳል ማለት ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ረግረጉ የሚጠቅመው ወገን የሚከፍለውን ዋጋ በግልጽ ተናግሮ ሲስማማ ነው ስምምነቱ የሚቆየው፤ ሱሪስ ላይ ለአሥርት ዓመታት የቆየውም እንዲሁ በመለኪያና በጽሑፍ ስለሆነ ነው።

ሌላ ጉዳትስ የለውም?

አለው። ለመራባት ሽቅብ የሚሄድ ዓሣ መንገዱ ይዘጋበታል። ደለል በኩሬው ይቀራል። በጣም የሚያሳዝነው ግን በሞቃት በጋ የሚነሳው፣ ቦቱሊዝም የሚባለው የመመረዝ በሽታ ነው። ባክቴሪያው ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ሙቀት ሲበዛና ኦክስጅን ሲያልቅ መርዝ ያመርታል። አንድ ወፍ ሲሞት ሬሳው ላይ የሚፈላው ትል መርዙን ይሰበስባል፤ ያንን ትል የበላ ዳክዬ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ውሃው ውስጥ ይደፋል፤ እሱም በተራው ትል ያፈላል። ዋናው መከላከያ ሬሳውን በየቀኑ እየዞሩ መልቀም ነው። ከባድ፣ የሚሸት፣ ማንም የማያየው ሥራ ነው፤ የሚሠሩትን አከብራለሁ።

እነዚህ ዳክዬዎች ኢትዮጵያ ይመጣሉ?

የሱሪሶቹ አይመጡም። እነሱ ክረምቱን የሚያሳልፉት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርና በሜክሲኮ ነው። ዝርያው ግን ይገናኛል። ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለውና ምንቃሩ አካፋ የሚመስለው ዳክዬ ሁለቱም ሱሪስ ላይ ይፈለፈላሉ፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሱት የእነዚሁ ዝርያ ወገኖች ደግሞ በጣናና በዝዋይ ይከርማሉ። ጣና ዳር በጥር ወር ያየኸውን ወፍ ሰሜን ዳኮታ በግንቦት ብታየው ትለየዋለህ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

መጠለያውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ በጀቱም የመንግሥት ነው። ለመሬት መግዣ ግን ከ1934 ጀምሮ የዳክዬ ቴምብር አለ። የውሃ ወፍ የሚያድን አዋቂ ሁሉ በየዓመቱ መግዛት አለበት። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ራሱ ዳርሊንግ ነው፤ ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ ከ2015 ወዲህ 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲም ለወፎች መኖሪያ ይውላል። አዳኝ ያልሆነ ሰውም መግዛት ይችላል።

መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ወፎቹ የሚተጫጩበት ጊዜ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ጫጩት ይታያል፤ መስከረምና ጥቅምት የጉዞ መንጋ ያርፋል። በመኪና የሚዞሩበት መንገድና በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀዘፍበት የታንኳ መስመር አለ። በወቅቱና በተፈቀደ ክልል ውስጥ አደንም ይፈቀዳል። አንድ ነገር አደራ፦ በታንኳ ወደ ግድቡ በር አትጠጉ፣ ከበሩ በታችም አትግቡ። ቁመቱ ትንሽ ስለሆነ አደጋ የሌለው ይመስላል፤ ከሥሩ የሚዞረው ውሃ ግን ሰውን ደጋግሞ እያገላበጠ አያስወጣም።

በራሴ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ግድብ መሥራት እችላለሁ?

አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ውሃ ባለበት ቦታ አፈር ከመሙላታችሁ በፊት የፌዴራልም የግዛትም ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከአዲስ ግድብ ይልቅ ድሮ የተቆፈረ ቦይ መድፈን ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ የጥንቱ ኩሬ በራሱ ይመለሳል። የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ለባለመሬቶች በዚህ የሚያግዝበት ፕሮግራም አለው፤ በ1937 የተቋቋመው ዳክስ አንሊሚትድ የተባለው የውሃ ወፎች ጥበቃ ድርጅትም እንዲሁ።

ግድቡ መሠራቱ ከተወሰነ ለባለሙያው ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁት። ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በየት በኩል ያልፋል? ኩሬውን እስከ ወለሉ ባዶ ማድረግ ስፈልግ በየት አወጣዋለሁ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ይረሳል። ማፍሰሻ ቱቦና የሚነሳ ሳንቃ ገና አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ካልገባ በኋላ ግድቡን ቆርጦ ማስገባት ከባድ ወጪ ነው፤ ቱቦው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታም ለስርገት በጣም የተጋለጠ ስለሆነ ዙሪያውን አፈሩ በእጅ ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት።